ሁለት እጅ የጻፈበት ደብተር

ምሕረትአብ ከጠፋ ሃያ ሦስት ቀኑ ነው። ውዴ «አልቆጠርኩም» ትላለች። እኛም እንመናት። ብቻ ከፎቶ ኮፒ ማሽኑ ኋላ በተንጠለጠለው የቀን መቁጠሪያ ላይ ሃያ ሦስት የእርሳስ ነጥቦችን ማን እንዳስቀመጠ እስካሁን የጠየቃት የለም።

የምትሠራው ደብረ ታቦር ውስጥ፣ ከመናኸሪያው ከፍ ብላ ባለች አንድ በርና አንድ መስኮት ባላት ጽሕፈት ቤት ነው። ማመልከቻ ትተይባለች፣ ፎቶ ኮፒ ታነሣለች። የእንግሊዝኛ ደብዳቤ የደረሰው ሰው ሁሉ ደግሞ «ወደ ውዴ ውሰደው» ይባላል። ቀን እየሠራች ማታ እየተማረች፣ አንድ ሽፋኑ የተገነጠለ መዝገበ ቃላት ከነአቧራው ጠጥታ፣ በሃያ ሦስት ዓመቷ የሰፈሩ አስተርጓሚ ሆናለች።

ዲያቆን ምሕረትአብን ያመጣባትም ይኸው እንግሊዝኛ ነው። አዲስ አበባ ላለ የነገረ መለኮት ኮሌጅ ሊፈተን አስቦ፣ የከባድ ቃላትና የፈሊጥ መጽሐፍ ተውሶ ገጾቹን ኮፒ ሊያስነሣ መጣ። የቆሎ ተማሪ ሆኖ ያደገ ሰው አይደል? ሁሉን ነገር በቃሉ ይዞ የለመደ ነውና መጽሐፉን ከነገጽ ቁጥሩ ሸምድዶት ነበር። ውዴ አንዱን ፈሊጥ መርጣ «መቼ ነው የሚባለው?» ስትለው ግን ጭጭ አለ።

«እንዲህ አይሆንም ዲያቆን» አለችው እየሳቀች። «ቃሉን በዓረፍተ ነገር አስገባው። ዓረፍተ ነገሩም በራስህ የደረሰ፣ እውነት የሆነ ይሁን። ውሸት ቃል አያስጠናም።»

«እውነት ባጣለትስ?»

«እውነት እስኪሆን ባዶውን ተወው።»

ደብተሩ የተጀመረው በዚህ ደንብ ነው። እሷ አሥር ቃል ትጽፋለች፣ እሱ ይሞላል፤ እሱ አሥር ይጽፋል፣ እሷ ትሞላለች። የስልክ ዳታ በተቋረጠበት ዘመን ለሁለት ሰው ከዚህ የተሻለ መንገድ አልነበረም። መጀመሪያ ላይ ዓረፍተ ነገሮቹ ስለ በሬና ስለ ድንች ነበሩ። ከዚያ ስለ ዝናብ ሆኑ። ከዚያ ዝናቡ ያዘገየው ሰው መጣ፤ ከዚያ ያ ሰው ሲዘገይ የሚከፋት ሌላ ሰው መጣች። ውኃ ሲወስድ እያሳሳቀ ነው ይባል የለ! በስምንት ወሩ ሁለቱም አንገታቸው ድረስ ገብተው ነበር።

ችግሩ መውጫ አልነበረውም። ምሕረትአብ ከጋፋት ማዶ ባለችው ትንሽ ቤተ ክርስቲያን የሚያገለግል የቄስ ልጅ፣ የቄስ የልጅ ልጅ ነው። ዲያቆን ቄስ የሚሆነው አግብቶ ሲሆን የሚያገባትም ባል የማታውቅ ልጃገረድ መሆን አለባት። ፈት ካገባ ክህነቱ እዚያው ላይ ያበቃል። ውዴ ደግሞ ፈት ናት። በአሥራ ሦስት ዓመቷ ተድራ፣ ዓመት ከሁለት ወር በሰው ቤት ኖራ፣ አንድ ማለዳ እንስራዋን ከምንጩ ዳር አስቀምጣ የጠፋች ፈት። አባቷ ቤት ስትመለስ በሩ የተከፈተላት እስኪጨልም ደጅ ከቆመች በኋላ ነበር።

ለዚህ ይሆናል በደብተሩ አንዲት መስመር ባዶ የቀረችው። ምሕረትአብ ከሰጣት ፈሊጦች አንዱ «ዊዝ ኦፕን አርምስ» ይላል፤ እጅን ዘርግቶ መቀበል ማለት ነው። ውዴ ከሕይወቷ ለዚህ የሚሆን አንድ እውነት ፈልጋ አጣች። ባዶውን ተወችው።

ከሃያ ሦስት ቀን በፊት አሥር አዳዲስ ፈሊጦች ጽፋ ደብተሩን ሰጠችው። ወስዶ ቀረ። ለእሱ ሚስት ለመጠየቅ ሽማግሌ ወደ ጎረቤት ገሳይ መሄዱን ከሰው ሰማች፤ የሚሰማው ሁሉ አንድ ላይ ሲገጥም ደግሞ ሰው የሚያምነው የከፋውን ነው። «ተወኝ» አለች በልቧ። በዚያች አንድ በር ቤት ውስጥ አየሩ ራሱ አነሳት።

በሃያ ሦስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ያለ ወጉ የጥቅምት በረዶ ወረደ። መብራት ጠፋ፣ ማሽኑም ዝም አለ። ቆርቆሮው እንደ ከበሮ ሲደበደብ አንድ ሽማግሌ ጋቢያቸውን እስከ ጥምጥማቸው ድረስ ተከናንበው ዘው አሉ። ውዴ ብድግ አለች። የምሕረትአብ አባት፣ የእሷም የነፍስ አባት፣ ቄስ በላይነህ ነበሩ።

መስቀላቸውን ተሳልማ ወንበር አቀረበች። «ይቀመጡ አባቴ። በረዶው ቀጠቀጠዎት እኮ!»

«እኔንስ ይቀጥቅጠኝ። ጤፌን ነው የፈራሁ፤ ገና አልታጨደ።» ከኪሳቸው የታጠፈ ወረቀት አወጡ። «እንኪ፣ ይችን በኮምፒውተር ጻፊልኝ። ወረዳው በእጅ የተጻፈ አልቀበልም ብሎኛል።»

ወረቀቱን ዘረጋችው። ፊደሎቹ ብራና ላይ የተጻፉ ይመስል አንድ በአንድ ቀጥ ብለው ቆመዋል። «ወይዘሪት ማርታ ሙላቴ ክርስትና ስትነሣ በቦታው የነበርኩ ስሆን፣ ዕድሜዋ አሥራ ስምንት ዓመት የሞላ መሆኑን እመሰክራለሁ» ይላል።

«የመሪጌታ ሙላቴ ልጅ ናት፣ የገሳዩ። ለምሕረትአብ ጠይቀን ሰጥተውናል። ጥር ላይ ነው፣ እግዚአብሔር ካለ።»

ውዴ «እንኳን ደስ አለዎት» አለች። እንዴት እንዳለችው እሷም አታውቅም። ዐይኗ ከወረቀቱ ላይ አልነሣ ብሏት ነበር። ይህን የእጅ ጽሑፍ ታውቀዋለች። የዛሬ አሥር ዓመት ስሟ በዚሁ እጅ ተጽፎ አይታለች። ያኔ አራተኛ ክፍል ስለነበረች ማንበብ ትችል ነበር፤ «አሥራ ስምንት» የሚለውን ስታነብ ስለ ሌላ ውዴ የተጻፈ መስሏት ነበር።

«መብራት የለም አባቴ። እስኪመጣ መጠበቅ ነው።»

«እጠብቃለኋ! በዚህ በረዶ የት እሄዳለሁ?» ከጋቢያቸው ሥር ሌላ ነገር አወጡ። ሰማያዊ ሽፋን ያለው ደብተር ነበር። ጠርዙን የበላው የምሕረትአብ ጥርስ ነው፤ ሲያስብ ይነክሰዋል።

ውዴ ደብተሩን ከሩቅ አወቀችው።

«ልጄ ከዳዊቱ ሥር የሚያስቀምጠው ይህን ነው» አሉ ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ሳልጠይቀው አመጣሁት፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ። ስለ ሠርጉ ስነግረው ‹ጥቂት ይቆይ አባዬ› ይላል። ለምን ስለው ዝም። ይህን ደብተር ሲገልጥ ግን አንዳንዴ ይሥቃል፣ ትናንት ደግሞ ሲያለቅስ አየሁት። ለአባቱ ያልነገረውን ለፈረንጅኛ ነግሮታል። አንቺ የንስሐ ልጄ ነሽ፤ ምስጢር ትጠብቂያለሽ። አንብቢልኝ።»

በሩ በበረዶ ተዘግቷል። ፊት ለፊቷ የነፍስ አባቷ ተቀምጠዋል። «አልችልም» ብትል ማን ያምናታል? አገር ያወቃት አስተርጓሚ!

ከመጀመሪያው ገጽ ጀመረች። በሬ። ድንች። ቄሱ ራሳቸውን እየነቀነቁ ሰሙ። ገጽ ስትገልጥ ጣታቸውን ሰደዱ።

«ሁለት እጅ ነው የጻፈበት። አንዱ የልጄ ነው። ሁለተኛው እጅ ግን ሌላ ነው፤ ወደ ቀኝ ያዘነብላል። የማን ነው?»

«የ... የጥናት ጓደኛ ይሆናል አባቴ።» ቶሎ ብላ ወደሚቀጥለው አለፈች። «‹ሃቭ በተርፍላይስ ኢን ዋንስ ስቶመክ›። በሆድ ውስጥ ቢራቢሮ መኖር።»

«ምን?» ቄሱ ከወንበራቸው ተነሡ። «ቢራቢሮ በላ? በጽጌ ጾም?»

ውዴ በዚያች በጨነቃት ሰዓት እንኳ ሣቋ አመለጣት። «ኧረ አልበላም አባቴ! ሰው ሲፈራም ሲጓጓም ሆዱ ሲረበሽ ፈረንጆች እንዲህ ይላሉ።»

«እና ልጄ ምን አለ?»

ወረቀቱ ላይ ያለው «ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስቃረብ ሆዴ ውስጥ ቢራቢሮ ይነሣል» ነበር። «ወደ ከተማ ስወርድ ሆዴ ይረበሻል ይላል» አለች። ለነፍስ አባቷ ስትዋሽ የመጀመሪያዋ ነበር፤ ጆሮዋ ድረስ ጋለች።

ቄሱ ባዶዋን መስመር አዩ። «ይችስ ለምን ባዶ ሆነች?»

«እውነት ያልሆነ አይጻፍም፤ የደብተሩ ደንብ ነው። ጸሐፊዋ እውነት አጣችላት።»

«ጸሐፊዋ?» አሉ ቄስ በላይነህ ቀስ ብለው።

ምላሷን ብትነክሰውም ከአፍ የወጣ አይመለስም። መልስ ከመስጠት ይልቅ ገጽ ገለጠች፤ የገለጠችውም የመጨረሻውን ነበር። እሷ የጻፈቻቸው አሥር ፈሊጦች፣ በእያንዳንዱ ሥር የምሕረትአብ ጠባብ ጽሑፍ። ይህን ገጽ አላየችውም። ሃያ ሦስት ቀን የጠበቀችው መልስ፣ ከሰው ሁሉ መርጦ በአባቱ ፊት እጇ ገባ።

«አንብቢ እንጂ።»

አነበበች። «የጠፋሁበት ጊዜ ረጅም ነው። እውነተኛ ዓረፍተ ነገር በእጄ ሳይኖረኝ አልሄድም ብዬ ነው።»

ውዴ መስመሩን በዐይኗ ደገመችው። አልተዋትም። እንባዋ ደብተሩ ላይ እንዳይወድቅ ቀና አለች። ደስታዋን ግን ቆማ ልትቀምሰው እንኳ ጊዜ አላገኘችም፤ ቄሱ በዐይናቸው «ቀጥዪ» አሏት።

«ተክሊል የማይሻር ነው። ስለዚህ ልቤ ሌላ ቦታ ሆኖ አልገባበትም።»

ቄስ በላይነህ መስቀላቸውን አጥብቀው ያዙ።

የሚቀጥለውን መጀመሪያ በዐይኗ አነበበችው። ልታልፈው ትችላለች። ሽማግሌው እንግሊዝኛ አያውቁም፤ «እዚህ ላይ ስለ ዝናብ ነው የሚለው» ብትል ማን ያውቅባታል? ከደቂቃዎች በፊት ዋሽታ የለ? ይኸኛው ግን ስለ ራሷ ብቻ አልነበረም።

«ሽማግሌ ገሳይ በሄደ ቀን አብሬ ሄጄ ነበር፤ ማርታ ከታናሽ እኅቷ ጋር ገመድ ትዘል ነበር» አለች። ድምፅዋ ተንቀጠቀጠ። «ስታየኝ ገመዱን ጥላ ከማጀት ገብታ ተደበቀች። በእሷ ፊት ላይ... በእሷ ፊት ላይ የአሥራ ሦስት ዓመቷን ውዴን አየኋት።»

በረዶው ወደ ዝናብ ተለውጦ ነበር።

«ፈረንጅኛ አላውቅም» አሉ ቄሱ። «ስታነብ የምትንቀጠቀጥን ሴት ግን አውቃለሁ። ሁለተኛው እጅ ያንቺ ነው።»

«አዎ አባቴ።»

«ስንት ጊዜ ንስሐ ገባሽ! አንድ ቀን እንኳ ይህን አልነገርሽኝም።»

«ኃጢአት መስሎ ስላልታየኝ ነው።»

ቄሱ አንገታቸውን ደፉ። «የቀረ አለ?»

«አንድ ብቻ። ‹በርን ዋንስ ብሪጅስ› ይላል፤ የተሻገሩበትን ድልድይ ማቃጠል። መመለሻን መቁረጥ ማለት ነው።» ከዚያ ሳታቋርጥ፣ ቢቋረጥባት እንደማትጨርሰው ታውቃለችና፣ «እሑድ ከቅዳሴ በኋላ ልብሰ ተክህኖዬን ለአባቴ አስረክቤ ወደ ውዴ እሄዳለሁ። አባቴ ይቅር ይበለኝ። ድልድዬን አቃጠልኩ» ብላ አነበበች።

እንዲህ ያለ ቃል ስትመኝ ስንት ወር ኖራለች! ሲመጣ ግን አንድ ሽማግሌ ፊቷ ተቀምጦ ሲሰበር እያየች ሆነ። እኔ ተራኪው በዚያች ደቂቃ በእሷ ቦታ ብሆን ምን እንደማደርግ አላውቅም።

«ሁለት ቄስና ሦስት ዲያቆን ካልሞላ ቅዳሴ የለም» አሉ ቄስ በላይነህ። ድምፃቸው የሌላ ሰው ይመስል ነበር። «ምሕረትአብ ሦስተኛው ነው። ባልንጀራዬ ቄስ ይሻው ዐይናቸው ጠፍቷል፤ እኔም ዛሬ ነገ ሟች ነኝ። እሱ ካልተተካ ታቦቱ ያለ ቅዳሴ ይቀራል። ውዴ፣ ልጄ፣ አንቺ ‹ተው› ብትዪው ይተዋል። እንደ ነፍስ አባት አላዝሽም። እንደ አባት እለምንሻለሁ።»

ከሁሉም የከፋው ይህ ነበር። ቢቆጧት ትችለው ነበር፤ ልመናን ግን በምን ትመክተው? ግድግዳው ሁሉ ወደ እሷ የተጠጋ መሰላት። ከወዲህ ምሕረትአብ፣ ከወዲያ አንዲት ቤተ ክርስቲያን፣ በመካከል ደግሞ በጠረጴዛው ላይ ያች ወረቀት።

ወረቀቷን አነሣች።

«እተወዋለሁ አባቴ» አለች። እንባዋ አሁን ሳትከለክለው ይወርድ ነበር። «አንድ ጊዜ በእርስዎ ጽሑፍ ተድሬያለሁ፤ አሁንም በእርስዎ ቃል እተዋለሁ። እኔ ለምጄዋለሁ። ነገር ግን መብራት ሲመጣ ይህን የምጽፈው እኔ ነኝ፤ እጄ ነው። ስለዚህ የማርታን ዕድሜ ይንገሩኝ። እውነተኛውን ይንገሩኝና እጽፈዋለሁ።»

የቄስ በላይነህ ዐይን ከወረቀቱ ወደ ደብተሩ፣ ከደብተሩ ወደ እሷ ሄደ።

«አሥራ አምስት» አሉ።

«የኔስ ያኔ ስንት ነበር?»

«አባትሽ ለመነኝ። ‹ደርሳለች በሉልኝ፣ ጓደኞቿ ሁሉ ተዳሩ› አለኝ። ክርስትና ያነሣሁሽ እኔ ነበርኩ፤ ቀኑን አውቀው ነበር። እያወቅሁ ጻፍኩ።» ጋቢያቸውን ወደ ፊታቸው አስጠጉ። «ከባልሽ ቤት ጠፍተሽ የመጣሽ ዕለት ‹ምን ሆና ነው?› ብለው ሲጠይቁኝ ‹ልጅ ናት፣ አልበሰለችም› ብዬ መለስኩ። ባፌ ልጅ አልኩሽ፣ በጄ ግን አሥራ ስምንት ብዬሽ ነበር። አሥር ዓመት ንስሐሽን ስሰማ የኔን የሚሰማ አጣሁ።»

ውዴ ይህን ቃል ከማንም ሰምታ አታውቅም። ከአባቷም፣ ከእናቷም፣ ከዳኛም። ደረቷ ውስጥ ተቋጥሮ የኖረ ነገር ላላ፤ ቁጣ ይሆናል ብላ ስትጠብቅ ያገኘችው ድካም ነበር። ጎንበስ ብላ ጉልበታቸውን ነካች።

ወረቀቷን ከእጇ ተቀበሉና አራት ቦታ ቀደዷት።

«በዚህ ደብተር ውሸት አይጻፍም አልሽኝ?»

«አይጻፍም።»

«በይ እኔም አንድ አለኝ፤ ጻፊልኝ። እንደ ደንባችሁ በፈረንጅኛው ይሁን። በኛ ፊደል እጄ መዋሸት ለምዷል።»

ብዕሯን አነሣች። ቃል በቃል እያቆሙ ነገሯት፤ እሷም ጻፈች። «ልጄ ሆይ፣ የውዴን ዕድሜ በእጄ የዋሸሁ እኔ ነኝ። ዛሬ በእናንተ ላይ የቆመውን አጥር ያጠርኩት ያኔ ነው። ታቦቱን ባለቤቱ ያውቅበታል። ልቡ ሌላ ቦታ ያለ ቄስ ከምትሆንልኝ እውነተኛ ገበሬ ሁንልኝ። እሑድ ልብሱን ቆሜ እቀበልሃለሁ።»

ስማቸውን ግን ራሳቸው ጻፉ፤ በዚያው ቀጥ ብሎ በሚቆም ፊደል። ደብተሩ ሦስተኛ እጅ አገኘ።

ሊነሡ ሲሉ ገጹን ወደ ኋላ ገለጡና ባዶዋን መስመር በጣታቸው ነኩ። «ይችን አሁን መሙላት ከቻልሽ ሙዪያት። እኔ አላነበውም፤ አትፈሪ።» ፊታቸውንም ወደ በሩ አዞሩ።

ውዴ ስምንት ወር በጭንቅላቷ ስታገላብጠው የኖረችውን ፈሊጥ ለመጨረስ ግማሽ ደቂቃ አልፈጀባትም። «ና፤ እጄን ዘርግቼ እቀበልሃለሁ» ብላ ጻፈች። ስትጽፈው እውነት ነበር።

መብራት መጣ። ማሽኑ አጉረመረመ፣ ኮምፒውተሩም ተከፈተ፤ የሚተየብ ግን አልነበረም። ቄስ በላይነህ ደብተሩን ዝናብ እንዳይነካው ከጋቢያቸው ሥር በደረታቸው ላይ ሸጉጠው፣ «እግዚአብሔር ይስጥሽ ልጄ» ብለው ወጡ። የልጃቸውን የፍቅር ደብዳቤ ይዘው፣ በረዶ የተነጠፈበትን የጋፋት መንገድ በምርኩዛቸው እየመረመሩ ወረዱ።

ውዴ በሩ ላይ ቆማ እስኪርቁ አየቻቸው። ደስታዋ የአንዲት ቤተ ክርስቲያንን ቅዳሴ ሊያስከፍል እንደሚችል ታውቃለች፤ ሰው ነገ ምን እንደሚላትም ታውቃለች። ፈርታለች። ያም ሆኖ ደስ ብሏታል፣ ከልቧ ደስ ብሏታል። የዚያን ቀን ሃያ አራተኛ ነጥብ እንደማታስቀምጥ እያወቀች ጽሕፈት ቤቱን ዘጋች።